ድንግዝግዝ ሲል የሚያሳይ መነጽር፦ ለአደን ባይኖኩላር በመጠነኛ ገንዘብ ስለመምረጥ

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አደን ባይኖኩላር ነው። በተለይ ኪሱ ያልሞላ፣ ግን ባዶም ያልሆነ ሰው ምን ይግዛ በሚለው ላይ ነው። የሀብታሙ ምርጫ ቀላል ነው። ከስመ ጥሮቹ የአውሮፓ ፋብሪካዎች አንዱን ይመርጣል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። በጣም ርካሹን የሚገዛውም ብዙ አይጨነቅም። የሚቸገረው መሃል ላይ ያለው ነው። መሃል ላይ ደህና ዕቃ አለ። በሚያምር ሣጥን የታሸገ የማይረባ ዕቃም አለ። ዋጋቸው ደግሞ ይቀራረባል።

ገዢ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ያቀርባል?» ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ትልቁን ቁጥር ያወጣለታል። እኔ ብሆን ሌላ ሁለት ጥያቄ ይዤ እገባለሁ። «ምሽት ላይ እስከ መቼ ያሳየኛል? እጄ ላይስ ይረጋል?» እነዚህን ይዞ የገባ ሰው በዚያው ገንዘብ በጣም የተሻለ ዕቃ ይዞ ይወጣል። የዛሬው ወሬዬ በሙሉ የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ዝርዝር ነው።

ለምን ምሽት? አጋዘንና አጋዘን መሰል እንስሳት በብዛት የሚንቀሳቀሱት ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ቀትር ላይ ጥላ ውስጥ ተኝተው ያመሰኳሉ። በቀትር ፀሐይ ደግሞ የትኛውም ባይኖኩላር ደህና ይመስላል። ሱቅ ውስጥ በመብራት ሥር ሲሆን ሁሉም ያምራል። ልዩነቱ የሚወጣው ብርሃን ሲሸሽ ነው። ደካማው ባይኖኩላር ጫካውን አንድ ጥቁር ጨርቅ ያደርገዋል። ደህናው በዚያው ደቂቃ ቀንዱን ከቅርንጫፉ ለይቶ ያሳያል። የምትከፍሉት ለእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጥቀስ። «ጠመንጃዬ ላይ ስኮፕ አለ፣ ባይኖኩላር ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው አይጠፋም። በስኮፕ፣ ማለትም ጠመንጃው ላይ በሚገጠመው ማነጣጠሪያ መነጽር፣ እንስሳ የምትፈልጉ ከሆነ፣ የምታዩት ነገር ሁሉ ላይ አፈሙዝ ደግናችኋል ማለት ነው። ቁጥቋጦው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሰው ቢሆንስ? ሌላ አዳኝ ቢሆንስ? ዒላማህንና ከዒላማህ ጀርባ ያለውን ሳታውቅ አፈሙዝ አታዙር የሚለው ደንብ በዓለም ሁሉ ያለ ነው። ባይኖኩላር ለመፈለግና ለመለየት ነው። ስኮፕ ለመተኮስ ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለም። ገንዘቡ ለሁለቱም እኩል የማይበቃ ከሆነ፣ እኔ ከስኮፑ ቀንሼ ባይኖኩላሩ ላይ እጨምራለሁ። አንድ የአደን ቀን ውስጥ በስኮፕ የምታዩት ለደቂቃዎች ነው። በባይኖኩላር ግን ለሰዓታት ታያላችሁ።

እሺ፣ ወደ ቁጥሮቹ። ባይኖኩላር ላይ 8×42 ወይም 10×42 የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው። ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። 1000 ሜትር ላይ ያለ እንስሳ በ8 እጥፍ ሲታይ 125 ሜትር ላይ የቆመ ይመስላል። በ10 እጥፍ 100 ሜትር ላይ ይሆናል። በ12 እጥፍ ደግሞ 83 ሜትር ገደማ። ከ8 ወደ 10 ስትሄዱ ያተረፋችሁት 25 ሜትር ነው። ቀላል አይደለም። ግን ሣጥኑ ላይ እንደሚጮኸውም አይደለም።

ለዚያች 25 ሜትር ምን ከፈላችሁ? አንደኛ፣ ባይኖኩላር እንስሳውን ብቻ አያጎላም። የእጃችሁን መንቀጥቀጥም በዚያው ልክ ያጎላዋል። ዳገት ወጥታችሁ፣ ልባችሁ እየመታ፣ ነፋስ እየገፋችሁ 10 እጥፍ ስትይዙ ምስሉ ይዘላል። የሚዘል ምስል ውስጥ ዝርዝር አይታይም። ቆመው በእጃቸው ይዘው የሚያዩ ብዙ ሰዎች በ8 እጥፍ የሚያዩት በ10 ከሚያዩት የማያንሰው ለዚህ ነው። 12 እና 15 እጥፍ ያለ መቆሚያ ከሆነ ትርፉ ድካም ነው።

ሁለተኛው የእይታ ስፋት ነው። ደህና 8×42 በ1000 ሜትር ርቀት 130 ሜትር ገደማ ስፋት ያሳያል። 10×42 ወደ 110 ሜትር ይወርዳል። ገላጣ ሜዳ ላይ ይህ ብዙ አያስቸግርም። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ግን ችግር ነው። በዓይናችሁ ያያችሁትን ነገር ባይኖኩላሩን አንስታችሁ ስትፈልጉት ታጡታላችሁ። እስክታገኙት እንስሳው ሄዷል። ስፋቱን በዲግሪ የሚጽፉ አምራቾች አሉ። 1 ዲግሪ በ1000 ሜትር ላይ 17.5 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማባዛት ብቻ ነው። 7.5 ዲግሪ ከሆነ 131 ሜትር ይመጣል።

ስለዚህ ጫካና ቁጥቋጦ ውስጥ ለሚያድን 8 እጥፍ። ተራራና ሰፊ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ከሩቅ ለሚፈልግ 10 እጥፍ። ሁለቱንም የሚያደርግና የሚያመነታ ሰው 8ን ይውሰድ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በዚህ የማይስማሙ እንዳሉ ፊታቸው ላይ ይታየኛል። ተራራ ላይ ያደጉ አዳኞች 10ን አይለቁም። መብታቸው ነው፤ እነሱ ተቀምጠው፣ ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ነው የሚያዩት።

አሁን ወደ ምሽቱ እንመለስ። የፊት ሌንሱን ስፋት ለማጉያው ቁጥር አካፍሉ። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ሚሊሜትር ይመጣል። 42 ለ10 ደግሞ 4.2። የኪስ የምትባለው 10×25 ከሆነች 2.5 ነው። ይህ ቁጥር ከባይኖኩላሩ ወጥቶ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። ባይኖኩላሩን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ መሃል ላይ ትንሽ ብሩህ ክብ ታያላችሁ። እሷ ናት።

የሰው ዓይን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ወደ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ይጠባል። ጨለማ ውስጥ የወጣት ሰው ብሌን እስከ 7 ሚሊሜትር ይከፈታል። ዕድሜ ሲገፋ ግን እንደ ድሮው አይከፈትም። ከ50 ዓመት በኋላ ብዙ ሰው 5 ላይ ወይም ከዚያ በታች ይቆማል። ይህን ከያዛችሁ ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል። 10×25 ቀትር ላይ ለምን ደህና እንደሆነች፣ ምሽት ላይ ለምን እንደምትሞት ትረዳላችሁ። ብሌናችሁ 5 ተከፍቶ ሳለ እሷ የምትሰጠው 2.5 ብቻ ነው። በተቃራኒው የ60 ዓመት ሰው 7×50 ቢገዛ፣ ከ7.1 ሚሊሜትሩ ክብ የተወሰነው ብሌኑ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። ክብደቱን ግን ሙሉውን ይሸከማል።

በጀርመንና በኦስትሪያ ከፍ ያለ ማማ ላይ ተቀምጠው ማታ የዱር አሳማ የሚጠብቁ አዳኞች 8×56 ይወዳሉ። 56 ለ8 ሲካፈል 7 ነው። ለእነሱ ሥራ ትክክል ነው። ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ደረቱ ላይ የሚከብድ ዕቃ መጨረሻው ቦርሳ ውስጥ ነው። ቦርሳ ውስጥ ያለ ባይኖኩላር ደግሞ ምንም አያሳይም። ለዚህ ነው 42 ሚሊሜትር የብዙ አዳኞች ምርጫ የሆነው። ከ600 እስከ 750 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ የምሽት ብርሃንም ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የማስታወቂያ ቁጥር ላስጠንቅቃችሁ። አምራቾች የድንግዝግዝ መለኪያ የሚሉት አለ። ማጉያውንና የሌንሱን ስፋት ያባዙና ሥኩዌር ሩት ያወጣሉ። ለ8×42 ውጤቱ 18.3 ነው። ለ10×42 ደግሞ 20.5። ከፍ ያለው ይሻላል ይላሉ። እስቲ በዚሁ ቀመር 20×32 የሚባል ዕቃ እናስላ። 25.3 ይመጣል! ከሁለቱም በለጠ። ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ግን 1.6 ሚሊሜትር ነው። ምሽት ላይ ግድግዳ እንደማየት ነው። ቀመሩ ስለ መስታወቱ ጥራት ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። አትመኑት።

የመስታወቱ ጥራት ካልን፣ ገንዘባችሁ በትክክል የሚሄደው እዚህ ነው። ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ሲገባ ወይም ከመስታወት ሲወጣ 4 በመቶ የሚሆነው ተንጸባርቆ ይመለሳል። ባይኖኩላር ውስጥ እንዲህ ዓይነት ገጽ ከአሥር በላይ አለ። ብርሃኑ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ እንደሚያልፍ ነጋዴ ነው። በአሥር ኬላ 4 በመቶ የከፈለ 66 በመቶ ብቻ ይዞ ይደርሳል። በየኬላው ግማሽ በመቶ ብቻ ቢከፍል ግን 95 በመቶ ይተርፈዋል። የጠፋው ብርሃን ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም። ከፊሉ ውስጥ ለውስጥ ሲንከራተት ቆይቶ ምስሉ ላይ እንደ ነጭ ጭጋግ ይመጣል።

ይህን ቀረጥ የሚቀንሰው ሌንሱ ላይ የሚቀባው ስስ ሽፋን ነው። የጀርመኑ ዛይስ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው ዘዴ ነው። ዛሬ ሁሉም ይቀባል፤ ጥያቄው ስንት ገጽ ላይና ስንት ድርብ የሚለው ነው። ሣጥኑ ላይ «ኮትድ» ብቻ ከተባለ ቢያንስ አንድ ገጽ ላይ አንድ ድርብ ተቀብቷል ማለት ነው። ይኸው ነው ቃል የተገባላችሁ። «መልቲ ኮትድ» ከተባለ አንዳንድ ገጾች ላይ ብዙ ድርብ አለ። የምትፈልጉት «ፉሊ መልቲ ኮትድ» የሚለውን ነው። አየር የሚነካው ገጽ ሁሉ በብዙ ድርብ ተቀብቷል ማለት ነው። በመካከለኛ ዋጋ ይህን የማይሰጥ ዕቃ አትንኩ።

ሻጩ ያለውን ማመን የለባችሁም። ባይኖኩላሩን ከመብራት ሥር አድርጋችሁ የፊት ሌንሱ ውስጥ የመብራቱን ነጸብራቅ ፈልጉ። ነጸብራቆቹ ደብዘዝ ያሉ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ዓይነት ቀለም ያላቸው ከሆኑ ጥሩ ነው። ከመሃላቸው አንዱ ወይም ሁለቱ ደማቅ ነጭ ከሆኑ፣ ውስጥ ያልተቀባ ገጽ አለ። ሌንሱ እንደ ቀይ መስታወት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደግሞ ለዓይን የተሠራ ጌጥ ነውና መልሱለት። ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ይመልሰዋል፤ የምታዩት ነገር ወደ አረንጓዴ ያደላል።

ቀጥሎ ፕሪዝም ነው። ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔ ግን ትንሽ እቆይበታለሁ፤ ብዙ ገንዘብ የሚተርፈውም የሚጠፋውም እዚህ ስለሆነ። ሌንስ ብቻውን ምስሉን ገልብጦ ያሳያል። የሚያቀናው ፕሪዝሙ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ብርሃን የሚያዞር የመስታወት ቁራጭ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ጣሊያናዊው ኢግናዚዮ ፖሮ እ.ኤ.አ. በ1854 ያስመዘገበው ነው። በድሮ ፊልሞች የምታዩት፣ ትከሻው ሰፊ፣ የፊት ሌንሶቹ ከዓይን ሌንሶቹ የሚራራቁት ባይኖኩላር የእሱ ዘር ነው። ዛይስ እ.ኤ.አ. በ1894 ለገበያ ያወጣውም ይኸው ነው። ሁለተኛው «ሩፍ» የሚባለው፣ ቀጥ ያለ፣ ሁለት ቱቦ የሚመስለው ነው። ዛሬ ገበያውን የያዘው እሱ ነው። ቀጭን ነው፣ ለእጅ ይመቻል፣ ውኃ እንዳያስገባ ለመዝጋትም ይቀላል።

ግን የሩፍ ፕሪዝም ጣጣ አለው። ብርሃኑን ለሁለት ከፍሎ መልሶ ያጋጥመዋል። ሁለቱ ግማሾች ሲገናኙ ሞገዳቸው ትንሽ ይዛነፋል፤ ምስሉም ይፈዛል። ይህን የሚያስተካክለውን ሽፋን ዛይስ እ.ኤ.አ. በ1988 አመጣው። «ፌዝ ኮቲንግ» ይሉታል። ሌላም አለ። በብዛት የሚሠራበት የሩፍ ዓይነት ውስጥ አንዱ ገጽ በራሱ ብርሃን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ስለዚህ እንደ መስተዋት መቀባት አለበት። በአሉሚኒየም ከተቀባ ከ87 እስከ 93 በመቶ ይመልሳል። በብር ከሆነ ከ95 እስከ 98። «ዳይኤሌክትሪክ» በሚባለው ከሆነ ከ99 በመቶ በላይ። ፖሮው ከእነዚህ አንዱንም አይፈልግም። ፕሪዝሙ በተፈጥሮው ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ ይመልሳል፤ ሞገድም አያዛንፍም።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ቀላል ነው። በዝቅተኛ ዋጋ ሩፍና ፖሮ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ፖሮው ብዙ ጊዜ የተሻለ ያሳያል። ሩፉ ሁለቱን ሽፋኖች ለመቀባት በቂ ገንዘብ አላገኘማ። ዋጋው ወደ መካከለኛ ከፍ ሲል ነገሩ ይለወጣል። ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ ፌዝ ኮቲንግም ዳይኤሌክትሪክም ያለው ሩፍ ይገኛል። እንደ ኒኮን ሞናርክ ኤም 5 እና እንደ ቮርቴክስ ዳይመንድባክ ኤችዲ ያሉት ሁለቱንም ይዘዋል። በዚህ ደረጃ ፌዝ ኮቲንግ አለኝ ብሎ በግልጽ የማይጽፍ ሩፍ ካጋጠማችሁ የለውም ብላችሁ እለፉ። ቢኖረው ኖሮ በትልቁ ይጽፍ ነበር። ገንዘባችሁ ከዚህም በታች ከሆነ በአሮጌ መልኩ አትፈሩ፣ ፖሮ ግዙ። አንድ ድክመቱን ግን እወቁ። የብዙዎቹ ፖሮዎች ፎከስ፣ ማለትም ምስሉን የሚያጠራው ማስተካከያ፣ የሚሠራው የዓይን ሌንሶቹ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ እየተንቀሳቀሱ ነው። ስለዚህ ዝናብና አቧራ ይገባቸዋል።

ፕሪዝሙ ከየትኛው መስታወት ተሠራ የሚለውም ክርክር አለ። ባክ 4 የተባለው ከቢኬ 7 ይሻላል ይባላል። ፖሮ ላይ እውነት ነው። ያቺን ብሩህ ክብ ስታዩ ጠርዟ በግራጫ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰለች ቢኬ 7 ነው። ሩፍ ላይ ብዙም አትጨነቁበት።

«ኢዲ» የሚባለው መስታወት ቀለማት እንዳይበታተኑ ያደርጋል። ሰማይ ላይ የተዘረጋ ቅርንጫፍ ስታዩ ጠርዙ ላይ የሚመጣውን ወይን ጠጅ መስመር ይቀንሳል። ጥሩ ነው። በ10 እጥፍ ላይ በ8 ላይ ካለው ይልቅ ይታያል። ግን ከሽፋኑ አይበልጥም። ኢዲ ያለው በሽፋን የደከመ ዕቃ፣ ኢዲ ከሌለው በሽፋን ከበረታ ዕቃ ያንሳል። ውኃ አያስገባም የሚለውና ውስጡ በናይትሮጂን ወይም በአርጎን ጋዝ ተሞልቷል የሚለው ግን ግዴታ ነው። ከሞቀ ቤት ወደ ብርድ ስትወጡ ውስጡ ጤዛ የሚይዝ ባይኖኩላር ሙሉ ጠዋቱን ያበላሽባችኋል። ከውጭ የሚይዘውን ትጠርጉታላችሁ። የውስጡን ምን ታደርጉታላችሁ?

ስለ ስም አንድ ነገር ልበል። የታወቀ ስም ያለው ርካሽ ዕቃ፣ የስሙን ያህል ዕቃ አይደለም። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ራሳቸው ሠርተው የሚሸጡት አለ፣ ሌላ ቦታ አስመርተው ስማቸውን የሚለጥፉበትም አለ። ዛይስ ቴራ በቻይና ነው የሚመረተው። መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ለዋጋው ደህና ባይኖኩላር ነው። ግን ሰማያዊውን አርማ አይቶ የጀርመኑን ትልቁን ዛይስ በርካሽ አገኘሁት የሚል ሰው ተሸውዷል።

አሁን ሱቅ ውስጥ ገብተናል እንበል። መጀመሪያ የምትጠይቁት ወደ በር ወይም ወደ ውጭ እንድትወጡ ነው። ሻጩ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ፤ ቀልዴን አይደለም። ከተቻለ ወደ ማታ ሂዱ። ሁለት ባይኖኩላር እጃችሁ ላይ ይኑር። አንዱን ብቻ ያየ ሰው ሁሉም ጥሩ ይመስለዋል። ከዚያ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ያለ ጨለም ያለ ጥግ ፈልጉ። እዚያ ጥላ ውስጥ የምስማሩን ጭንቅላት፣ የሸረሪት ድሩን፣ የእንጨቱን መስመር የትኛው ይበልጥ አጥርቶ ያሳያል? ፀሐይ ወደቆመችበት አቅጣጫም ጠጋ አድርጋችሁ እዩ። ፀሐይዋን ራሷን ግን በፍጹም አትመልከቱ፤ ዓይን ያጠፋል። ምስሉ ላይ ነጭ ጭጋግ ከተነሳ፣ ጠዋት ፀሐይ ከፊታችሁ ስትወጣ ምንም አታዩበትም።

ስታዩ በትክክል አስተካክሉት። ማጠፊያውን ከዓይኖቻችሁ ርቀት ጋር አጣጥሙ፤ ሁለቱ ክቦች አንድ መሆን አለባቸው። ፊታቸው ጠበብ ያለ ሰዎች ላይ የማይጠጋ ባይኖኩላር ስላለ ይህ በራሱ ፈተና ነው። ቀጥሎ ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑና በግራው በመሃሉ ፎከስ አጥሩት። ከዚያ ግራውን ጨፍኑና በቀኙ በኩል ባለው ቀለበት ብቻ ቀኙን አጥሩ። አንዳንዱ ዕቃ ላይ ቀለበቱ በግራ ነው፤ ያኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ይህን ሳያደርጉ «ይህ ባይኖኩላር ዓይኔን ያመኛል» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ዕቃው ራሱ ታማሚ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሁለቱ ቱቦዎች ወደ አንድ ቦታ የማያዩ ከሆነ ዓይናችሁ በግድ ሊያገናኛቸው ይታገላል። ለጥቂት ሰከንድ ይሳካለታል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራስ ምታት ነው። ለማወቅ ሩቅ ያለ አግድም መስመር፣ ለምሳሌ የጣሪያ ጠርዝ እዩ። ከዚያ ባይኖኩላሩን ቀስ እያላችሁ ከዓይናችሁ ጥቂት ሴንቲሜትር አርቁ። በአንዱ በኩል ያለው መስመር ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከታየ አትግዙት። ፎከሱን አሽከርክሩ፤ ልል ሳይሆን፣ የሚይዝም ሳይሆን፣ እኩል ይዞር። ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት፤ የሚንኳኳ ነገር ካለ ውስጡ ተፈቷል።

ፈጽሞ የማልመክራቸው አሉ። አንደኛ ከ8 እስከ 24 እጥፍ ያቀርባል የሚባለው ዙም። የእይታ ስፋቱ ጠባብ ነው፤ ሁለቱ ቱቦዎች እኩል እያጎሉ እንዲሄዱ ማድረግም ከባድ ነው። ሁለተኛ ፎከስ የሌለው ዓይነት። ሦስተኛ 30×60 ተብሎ በእጅ መዳፍ ውስጥ የሚገባው። ውሸቱን በማስመሪያ ማጋለጥ ይቻላል። የፊት ሌንሱን ስፋት ለኩ። ያቺን ብሩህ ክብም ለኩ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። የሚመጣው እውነተኛው ማጉያ ነው። 60 ሊባል ይቅርና ሌንሱ 30 እንኳ የማይሞላ፣ ማጉያውም 30 ሊደርስ ቀርቶ 10 የማይሞላ ሊሆን ይችላል። ማታ ያሳያል ተብሎ የሚሸጥ፣ ባትሪም ኤሌክትሮኒክስም የሌለው ዕቃም እንደዚሁ ነው። ተራ ባይኖኩላር የሌለ ብርሃን ከየትም አያመጣም።

ያገለገለ መግዛትስ? እኔ እደግፋለሁ። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ውድ የነበረ ባይኖኩላር፣ ፌዝ ኮቲንግ ካለው፣ ዛሬም ከአዲሱ መካከለኛ ዕቃ ጋር ይወዳደራል፤ ሲብስም ይበልጠዋል። የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። ከፊት ሌንሱ በኩል አብሩና በሌላው በኩል ወደ ውስጥ እዩ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ሽፋኑን ስለሚበላ ርካሽ ነው ብላችሁ አትውሰዱት። ትንሽ አቧራ ግን ምንም አይደለም። ዋስትናውንም ጠይቁ። እንደ ቮርቴክስ ያለው ዋስትናው የዕድሜ ልክ ነው፤ ወደ ሁለተኛ ባለቤትም ይተላለፋል። የሌሎቹ በብዛት ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው። ሲበላሽ ወዴት እንደሚላክና የመላኪያውን ማን እንደሚከፍልም ካሁኑ እወቁ።

ገንዘባችሁን በሙሉ ባይኖኩላሩ ላይ አትጨርሱ። ከላዩ ጥቂት አስቀሩ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ቀጭን የአንገት ማንገቻ ከሰዓት በኋላ አንገት ይቆርጣል። በትከሻና በጀርባ የሚታሰር የደረት ማንገቻ ግዙ። ክብደቱን ከአንገት ያወርዳል፤ ስትጎነበሱም ባይኖኩላሩ አይወዛወዝም። ከተረፈ ደግሞ ቀለል ያለ ትራይፖድ፣ ማለትም ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ ጨምሩ። ብዙ ባይኖኩላሮች ከፊት በኩል፣ ማጠፊያው ላይ የሚፈታ ክዳን አላቸው። ከሥሩ መቆሚያ የሚታሰርበት ጥርስ አለ። መካከለኛ 10×42 መቆሚያ ላይ ሲሆን፣ በእጅ ከተያዘ በጣም ውድ ባይኖኩላር ይልቅ ዝርዝር ያሳያል። ይህን ሳይሞክሩ የሚያምን ሰው የለም። መቆሚያ የሌለው ዱላውን ያቁም፣ ቦርሳውን ድንጋይ ላይ ያድርግ፣ ጀርባውን ዛፍ ያስደግፍ።

ጥያቄዎች እጄ ላይ ደርሰዋል። ጥቂቶቹን ላንብብ።

አንድ አባት «የዓይን መነጽር አደርጋለሁ፤ ማውለቅ አለብኝ?» ብለው ጠይቀዋል። አያውልቁ አባቴ። በራሪ ወረቀቱ ላይ ዓይን ከሌንሱ ስንት ሚሊሜትር ርቆ ሙሉውን ምስል እንደሚያይ ይጻፋል። «አይ ሪሊፍ» ይሉታል። 16 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ይፈልጉ። የዓይን ማሳረፊያ ጎማዎቹን ወደ ውስጥ ያስገቧቸው። ከዚያ መነጽርዎን እንዳደረጉ የክቡን ጠርዝ ዙሪያውን ማየትዎን ያረጋግጡ። ጠርዙ ከተቆረጠብዎ ያ ባይኖኩላር ለእርስዎ አልተሠራም።

ሌላው ጥያቄ ርቀት የሚለካ ሌዘር አብሮት ያለውን ባይኖኩላር ይመለከታል። ምቹ ነው። በመካከለኛ ገንዘብ ግን አይሆንም። በዚያው ዋጋ በሚሸጠው ውስጥ ለሌዘሩ ሲባል ከመስታወቱ ጥራት ተቀንሷል። ባይኖኩላሩን ለብቻው፣ የርቀት መለኪያውን ለብቻው፣ ያውም በኋላ፣ ብትገዙ ይሻላል። አንዱ ሲበላሽም ሌላው ይተርፋችኋል።

«8×32 ብገዛስ?» ትላለች አንዲት እኅታችን፤ ብዙ ትሄዳለች መሰለኝ። 32 ለ8 ሲካፈል 4 ነው፤ ከ10×42 ብዙም አይርቅም። ክብደቱ ወደ 500 ግራም አካባቢ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ በእግርሽ የምትሄጂ ከሆነ ግዢው። ምሽት ላይ መጨረሻዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ታጫለሽ። ጨለማ እስኪሆን ተቀምጠሽ የምትጠብቂ ከሆነ ግን 42ቱን ውሰጂ።

የመጨረሻው ስለ ማጽዳት ነው። በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ ሽፋኑን በአሸዋ መፈግፈግ ነው። መጀመሪያ አቧራውን በአየር መንፊያ አራግፉ። ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ። የቀረውን ቅባት ለሌንስ በተሠራ ፈሳሽና በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ሳትጫኑ፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ እያዞራችሁ ጥረጉ። ከዝናብ ከገባችሁ እርጥቡን ቦርሳው ውስጥ አትክተቱት። ክዳኖቹን አውልቃችሁ፣ አየር በሚገባበት ጥላ ውስጥ እስኪደርቅ ተዉት። ከምድጃ አጠገብ ግን አታስቀምጡት።